የባሌት ተማሪ ቀንና የዴጋ ዐይን

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ኤድጋር ዴጋ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ (1834–1917) የባሌት ተማሪዎችን የዕለት ሥራ እንዴት አድርጎ እንዳሳየና ማሳየቱስ የት ላይ እንደ ጐደለ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሥዕሎቹን የተመለከትናቸው በመጻሕፍት ታትመው በወጡት ቅጂዎች ስለ ሆነ፣ ስለ ቀለማቸው ብዙ አንናገርም፤ የምንናገረው በሥዕሉ ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ማንስ ተቀምጦ እንደሚመለከት ነው። ለያዝነው ጉዳይ ይህ ከቀለሙ ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ባሌትን አይቶ ለማያውቅ ጓደኛችን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ባሌት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ታሪክ ያለ ቃል፣ በሙዚቃና በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚተረክበት የመድረክ ጭፈራ ነው። የእስክስታ ኀይል በትከሻና በደረት እንደ ሆነ ሁሉ የባሌት ኀይል በእግር ነው። ጨፋሪዋ እግሮቿን ከዳሌዋ ጀምራ ወደ ውጭ ታዞራለች፤ ይኸውም ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ የአንዱ እግር ጣት ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ እስኪያመለክት ድረስ ነው። ይህን አቋቋም ሰው ሲወለድ ይዞት አይመጣም። አጥንት ሳይጠና ተጀምሮ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚለመድ ስለ ሆነ፣ በ1713 በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፈቃድ የተቋቋመው የፓሪስ ኦፔራ የጭፈራ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን የሚቀበለው በልጅነታቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሰው እነዚህን ልጆች «ትናንሽ አይጦች» እያለ ይጠራቸው ነበር። ቅጽል ስሙ የፍቅር ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አይጥ መባል ምን ያህል ፍቅር እንዳለበት እንጃ።

የአንዲት ተማሪ ቀን በዚያ ዘመን እንዴት ያልፍ እንደ ነበረ እንመልከት። ብዙዎቹ የድኻ ልጆች ስለ ነበሩ የሚኖሩት በሞንማርትር ኰረብታ ግርጌና በዙሪያው ባሉት ርካሽ ሰፈሮች ነው፤ ጧት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ኦፔራው ይወርዳሉ። ትምህርቱ የሚጀመረው በግድግዳው ላይ የተገጠመውን አግዳሚ እንጨት በአንድ እጅ በመያዝ ነው። መጀመሪያ ጕልበትን ማጠፍና ማቃናት አለ፤ ይህን «ፕሊዬ» ይሉታል። ቀጥሎ እግርን ወለሉን እያስነኩ መዘርጋት፣ ከዚያ በእግር ጣት ክብ መሥራት፣ በመጨረሻም እግርን ወደ ላይ መወርወር ነው። በቀኝ የተሠራው ሁሉ ዞሮ በግራ ይደገማል። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ይለቀቅና በክፍሉ መካከል ያለ ድጋፍ ይሠራል፤ ዘገም ያለው እንቅስቃሴ ይቀድማል፣ ትናንሾቹ ዝላዮች ይከተላሉ፣ ትልልቆቹ ለመጨረሻ ይቈያሉ። ትርኢት የሚቃረብ እንደ ሆነ ከትምህርቱ በኋላ ልምምድ አለ። ማታ ደግሞ ትርኢቱ ራሱ አለ፤ ልጅቱ የምትጨፍረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ተራዋ እስኪደርስ ከመድረኩ ጀርባ ትቆማለች። ወደ ቤቷ የምትመለሰው ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ነው። በትርፍ ጊዜዋ የጫማዋን ጫፍ በመርፌና በክር ትጠቅማለች፤ የዚያ ዘመን የባሌት ጫማ ለስላሳ ስለ ነበረ ጫፉ ካልተጠቀመ ቶሎ ያልቅ ነበርና።

ይህ ቀን በሰዓት ቢከፈል ከጭፈራው ይልቅ ጥበቃው ይበዛል። መምህሩን መጠበቅ፣ ተራን መጠበቅ፣ ፒያኖው ወይም ቫዮሊኑ እስኪጀምር መጠበቅ፣ የታመመ ቍርጭምጭሚት እስኪሻል መጠበቅ ነው። ስለ ባሌት የሚጽፉትና የሚሥሉት አብዛኞቹ ሰዎች ግን የሚመርጡት መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ታትመው የተሸጡት የታላላቅ ጨፋሪዎች ሥዕሎች ሴቲቱን አበባ ላይ ስትቆም ወይም በአየር ላይ ስትንሳፈፍ ያሳያሉ፤ ላብ የለም፣ ወለል እንኳ የለም። የዴጋ ትልቁ ሥራ፣ በእኛ ግምት፣ ወለሉን መመለሱ ነው።

ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም የሚገኘውንና ከ1873 እስከ 1876 ባለው ጊዜ የተሠራውን «የጭፈራ ክፍል» የተባለውን ሥዕል እንውሰድ። የሥዕሉ ትልቁ ክፍል ባዶ የእንጨት ወለል ነው። በመካከሉ ሽማግሌው መምህር ዡል ፔሮ፣ መቋሚያውን እንደ ተደገፈ መሪጌታ፣ ወፍራም ዘንግ ይዞ ቆሟል፤ ዘንጉም ምትን በወለሉ ላይ ለመምታት ነው። ፔሮ በወጣትነቱ ከታወቁት ጨፋሪዎች አንዱ የነበረና በ1841 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን «ዢዜል» የተባለውን ባሌት ከዣን ኮራሊ ጋር ያቀናበረ ሰው ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ መምህር በፊታቸው ቆሞ ሳለ ተማሪዎቹ ምን ያደርጋሉ? አንዲቱ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ታካለች። ሌላይቱ ማራገቢያ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ሌሎቹ ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ይንሾካሾካሉ። ከክፍሉ ማዶ ልጆቻቸውን ሊጠብቁ የመጡት እናቶች ተቀምጠዋል። ትንሽ ውሻም አለ።

ከፒያኖው አጠገብ ወለሉ ላይ አንድ ውሃ ማርከፍከፊያ ተቀምጧል። ተመልካች ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል፤ እኛ ግን ለጽሑፋችን ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይህ ዕቃ ነው። ውሃው የሚረጨው ወለሉ አቧራ እንዳያስነሣና እግር እንዳያንሸራትት ነው። በእኛም አገር የመሬት ወለል ሲጠረግ ውሃ ስለሚረጭ፣ ከአውሮፓ ሊቃውንት ይልቅ ይህን ዕቃ ቶሎ የምትረዳ አንዲት የባላገር ሴት ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ማርከፍከፊያው በሥዕሉ ውስጥ የገባው ለማማር አይደለም፤ ጭፈራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው መጥቶ ወለሉን እንዳዘጋጀ ይነግረናል። ውበቱን የምናየው ማታ በመድረክ ነው፤ ወለሉን ያረጠበውን እጅ ግን ማንም አያይም።

በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው በ1874 የተሠራው መንትያ ሥዕል ደግሞ ፈተናን ያሳያል። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በዳኞች ፊት እየተፈተኑ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያልፉ ነበር፤ ያላለፈች ባለችበት ትቀራለች። በሥዕሉ አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ አቋቋሟን ታሳያለች፤ እናቶቹም ተማሪዎቹም ሲቈጠሩ በክፍሉ ውስጥ ሃያ አራት የሚያህሉ ሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተፈታኟን አይመለከቱም። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ተራውን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ተፈታኝ ስለ ጓደኛው መልስ አይጨነቅም፤ የራሱን ያሰላስላል።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ፈተናው የተሣለበት ክፍል በለ ፔልቲዬ ጎዳና በነበረው በአሮጌው ኦፔራ ውስጥ ሲሆን፣ ያ ሕንፃ በጥቅምት 1873 ተቃጥሏል። በ1875 የተከፈተው አዲሱ የጋርኒዬ ሕንፃ ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ በ1874 ዴጋ ይሥለው የነበረው በሌለ ቤት ውስጥ ያልተደረገ ፈተና ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ዴጋ ለወዳጁ ለአልቤር ሄክት በጻፈው ደብዳቤ ለፈተናው ዕለት የመግቢያ ፈቃድ እንዲያገኝለት ከለመነው በኋላ፣ ይህን ያህል ፈተና ሥሎ አንድም ቀን ባለማየቱ ጥቂት እንደሚያፍር ይናገራል። እንግዲህ ሥዕሉ ውሸት ነው ልንል ነውን?

አይደለም እንላለን። ዴጋ ልጆቹን ገንዘብ እየከፈለ ወደ ሥራ ቤቱ ያመጣቸው ነበር። አንዱን እጅ፣ አንዱን ቍርጭምጭሚት፣ የአንዱን ቀሚስ ማንገቻ ሲስተካከል፣ ደጋግሞ ይነድፍ ነበር፤ ንድፎቹንም ከሥዕል ወደ ሥዕል ያዛውራቸዋል። ይህ አሠራር ከተማሪዋ አሠራር ጋር አንድ ነው፤ እርሷም በአግዳሚው እንጨት አጠገብ አንዱን እንቅስቃሴ እየነጠለች ትደጋግማለች፣ በኋላም በመድረክ ላይ ትገጣጥመዋለች። በቦታው ተገኝቶ ያየውን ብቻ የሚመዘግብ ሰው የአንድ ቀንን ታሪክ ይሰጠን ነበር። ዴጋ የሰጠን በየቀኑ የሚደጋገመውን ነው፤ የዕለት ኑሮ ስንልም ይህንኑ ማለታችን ነው።

የሥዕሎቹ ሐቀኝነት በሌላም መንገድ ይታያል። በኦፔራው የዓመት ወንበር የሚከራዩ ባለጠጎች ከመድረኩ ጀርባ ገብተው ከጨፋሪዎቹ ጋር የመገናኘት መብት ነበራቸው፤ ከድኻ ቤት የመጣች ልጅ ከእነርሱ ከአንዱ ጋር መወዳጀቷም እንደ ተለመደ ነገር ይቈጠር ነበር። ዴጋ እነዚህን ሰዎች አልደበቃቸውም። በ1876 ገደማ በተሠራው «ኮከቢቱ» በተባለው ሥዕል ጨፋሪዋ በብርሃን ተከባ ክንዶቿን ዘርግታ ትታያለች፤ ከበስተጀርባዋ፣ ከመጋረጃው አጠገብ፣ ፊቱ የማይታይ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ቆሟል። በኒው ዮርክ በሚገኘው የመድረክ ልምምድ ሥዕልም አንዲት ልጅ እያዛጋች ስትንጠራራ፣ በቀኝ በኩል ወንዶች ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው ይመለከታሉ። ሠዓሊው አይፈርድም፤ ማን ቆሞ ማን እንደ ተቀመጠ ግን በትክክል ያሳያል።

የሥዕሎቹ ብርሃን እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ያ የመድረክ ብርሃን በዚያ ዘመን የጋዝ እሳት እንደ ነበረ ከሥዕሎቹ ማወቅ አይቻልም። ኤማ ሊቭሪ የተባለችው የዚሁ ኦፔራ ጨፋሪ በኅዳር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ በጋዝ መብራት ተያይዞ ተቃጠለችና በሐምሌ 1863 ሞተች፤ ሃያ ዓመቷ ነበር። ልብስን ከእሳት የሚጠብቅ መድኃኒት ቢኖርም ጨርቁን ስለሚያደርቀውና ስለሚያደበዝዘው አልወደደችውም ነበር። የዴጋ ልጆች በዚያው ዐይነት ቀሚስ በዚያው ዐይነት እሳት አጠገብ ይቆማሉ። ይህን አላሳየም ብለን አንከሰውም፤ አንድ ሥዕል ሁሉን እንዲናገር አይጠየቅም።

ክርክራችን ያለው ከሐውልቱ ጋር ነው።

በ1881 በተደረገው በስድስተኛው የኢምፕሬሲዮኒስቶች ኤግዚቢሽን ዴጋ «የአሥራ አራት ዓመቷ ትንሽ ጨፋሪ» የተባለውን የሰም ሐውልት አቀረበ። ቁመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እውነተኛ የጨርቅ ቀሚስ፣ እውነተኛ ጫማ፣ እውነተኛ ጠጕርና ሪባን አለው። ለሐውልቱ የቆመችለት ልጅ ማሪ ቫን ጎተም ትባላለች፤ በ1865 በፓሪስ ከቤልጅግ ከመጡ ወላጆች ተወለደች፤ እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። በ1878 ወደ ትምህርት ቤቱ ገባች፤ በ1880 ፈተናዋን አልፋ በኅብረት ከሚጨፍሩት ጋር ተቈጠረች።

ሐውልቱን ከአንገት በታች ስንመለከተው ዴጋ ስለ ተማሪ ቀን ከሠራው ሁሉ ይበልጣል ለማለት እንደፍራለን። ልጅቱ አትጨፍርም፤ ዐርፋለች። እጆቿን ከኋላዋ አቈላልፋለች፤ የእግር ሹራቧ ጕልበቷ ላይ ተጨማድዷል። ነገር ግን እያረፈች እንኳ እግሮቿ ወደ ውጭ እንደ ዞሩ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ፊት ቀድሞ በአራተኛው አቋቋም ላይ ቆሟል። ዕረፍቷም የሥራዋን ቅርጽ ይዟል። ሰውነቷ ትምህርቱን ከመልመድ አልፎ ሌላ አቋቋም ረስቷል። ይህን የመሰለ አስተውሎት በቃል ለመግለጥ ብዙ ገጽ በፈጀ ነበር።

ፊቷ ግን ሌላ ነገር ነው። አገጯ ወደ ላይ ተነሥቷል፣ ግንባሯ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ዐይኖቿ በግማሽ ተከድነዋል። በዚያ ዘመን የሰው ጠባይ በግንባሩና በመንጋጋው ቅርጽ ይታወቃል የሚል ትምህርት በአውሮፓ ተስፋፍቶ ነበር፤ ዛሬ ሐሰት መሆኑ የታወቀ ነው። ዴጋ በዚያው በ1881 ኤግዚቢሽን፣ በነፍስ ግድያ ተከሰው በችሎት የቆሙ ወጣቶችን ፊት የሚያሳይ ሥዕል «የወንጀለኛ መልክ» ብሎ ሰይሞ ከሐውልቱ ጋር አቅርቧል። ሐውልቱን ደግሞ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስገባው፤ በመስታወት ሣጥን የሚቀመጠው የተፈጥሮ ታሪክ ናሙና መሆኑን ማንም ያውቃል። ተመልካቾቹም የተሰጣቸውን ምልክት አልሳቱትም። ከሐያስያኑ ብዙዎቹ ልጅቱን ከእንስሳ ጋር አመሳሰሏት፤ ገና ያልሠራችውን ክፋት ፊቷ ላይ አነበቡት። ሁይስማንስ የተባለው ደራሲ ግን በቅርጻ ቅርጽ ሥራ ከሚያውቀው ሁሉ በእውነት የዘመኑ የሆነ ሙከራ ይህ ብቻ መሆኑን ጽፎ አመሰገነ። የእርሱ አስተያየት ስለ ጥበቡ ትክክል ነው፤ ስለ ልጅቱ ግን ያለው ጥቂት ነው።

ዴጋን ለመከላከል የሚቀርብ አንድ ጠንካራ ክርክር አለ። ሠዓሊው ያሳየው ኅብረተሰቡ ልጅቱን እንዴት እንደሚያያት ነው፣ ንቀቱ የተመልካቾቹ እንጂ የእርሱ አይደለም፣ የሚል ነው። ይህን ክርክር አንቀበለውም። ዴጋ የተማሪን ሕይወት ያለ ፍርድ ማሳየት እንደሚችል በክፍል ሥዕሎቹ አስመስክሯል። በእነዚያ ሥዕሎች ብዙዎቹ ፊቶች ዞረዋል፣ ወይም በጥላ ተሸፍነዋል፣ ወይም በሁለት የብሩሽ ምት ብቻ ተመልክተዋል፤ ማንም ልጅ በፊቷ ስለ ጠባይዋ እንድትመልስ አልተጠየቀችም፤ የምትመልሰው በሥራዋ ነው። ልጅቱን ከመምህሯ፣ ከእናቷ፣ ከጓደኞቿና ከማርከፍከፊያው ለይቶ በመስታወት ውስጥ ብቻዋን ሲያቆማት ግን የሥራ ቀኗን ወሰደባት። ለተመልካቹ የቀረለት ሰውነትና ፊት ብቻ ሆነ፤ ሥራውን ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ የሚያነበው ፊትን ነው። በ1882 ገደማ የተሠራው «ጥበቃ» የተባለው ሥዕል ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል። በዚያ ሥዕል አንዲት ጨፋሪ አጎንብሳ ቍርጭምጭሚቷን ትይዛለች፤ አጠገቧ ጥቁር የለበሰች ሴት ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች። የሁለቱም ፊት አይታየንም ለማለት ይቻላል። ስለ ድካማቸው ግን የማናውቀው ነገር የለም።

ሐውልቱ በዴጋ ዕድሜ ዳግመኛ ለሕዝብ አልታየም፤ ከሞተ በኋላ በሥራ ቤቱ ተገኝቶ ከእርሱ የነሐስ ቅጂዎች ተቀረጹ። የመጀመሪያው የሰም ሐውልት ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛል። ማሪ ደግሞ በ1882 ከትምህርት እየቀረች በመቸገሯ ከኦፔራው ተሰናበተች፤ ያን ጊዜ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ታናሽ እኅቷ ሻርሎት በዚያው ኦፔራ ጨፋሪ ሆና ኖረች፤ በኋላም ለሕፃናቱ መምህርት ሆነች። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እኅቶች ናቸው፤ የግንባራቸው ቅርጽ ምን ይህን ያህል ይለያይ ነበር?

ትምህርት ቤቱ ከ1987 ወዲህ ያለው በፓሪስ አጠገብ በናንቴር ነው። ተማሪዎቹ እዚያው ያድራሉ፤ ጧት እንደ ማንኛውም ልጅ መደበኛውን ትምህርት ይማራሉ፣ ከቀትር በኋላ ይጨፍራሉ። በየዓመቱም በጋርኒዬ መድረክ ላይ የክፍል ልምምዳቸውን፣ ከጕልበት ማጠፍ ጀምሮ፣ በመምህሮቻቸው መሪነት ለሕዝብ ያሳያሉ። ሃራልድ ላንደር የተባለው የዴንማርክ ሰው በ1948 በኮፐንሃገን ያቀረበው «ኤቱድ» የተባለው ባሌትም ከአግዳሚው እንጨት ተነሥቶ እስከ ትልልቅ ዝላዮች የሚደርስ የአንድ ትምህርት ሥርዓት ነው። ዴጋ ከመጋረጃው ጀርባ ሄዶ የፈለገው ነገር ዛሬ መድረኩ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። እውነት ነው፣ በመድረክ ላይ የሚታየው ልምምድ የታጠበና የተበጠረ ነው፤ ጀርባውን የሚያክ የለም፤ በዚህ በኩል አሮጌው ሥዕል ይበልጠዋል።

በኦርሴ ሙዚየም ከነሐስ ቅጂዎቹ አንዱ ይገኛል፤ «የጭፈራ ክፍል» የተባለውም ሥዕል በዚያው ቤት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሐውልቱም ከሥዕሉ ወለል ፊት ለፊት ያለ መስታወት ቢቆም፣ ከሥሩም የማሪ ቫን ጎተም ስም፣ ትምህርት የጀመረችበት 1878፣ ፈተና ያለፈችበት 1880ና የተሰናበተችበት 1882 ቢጻፍ፣ ተመልካቹ ከፊቷ በፊት እግሮቿን ያይ ነበር ብለን እንገምታለን።